ከበር ደወል ላይ የተገኘ ዘመድ

"እህቱን አገባ" ነው ያላችሁት? ድገሙት እስቲ፣ አልሰማሁም። "አጎቱ ቤት ዓመት ሙሉ ሲበላ ከርሞ የአጎቱን ልጅ ይዞ ወጣ።" እሺ። በልቻለሁ፣ አልክድም። ይዤ መውጣቴም እውነት ነው። "አጎቱ" የምትለዋ ላይ ግን ቁሙልኝ። ሰው ሳያጣራ እንዲህ ያወራል? ቤተክርስቲያን ግቢ ቆማችሁ፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ፣ አንዱ ጆሮ ላይ እፍ ስትሉ ወሬው ፍሉግሃፈን፣ የምሠራበት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ፣ ቀድሞኝ ይገባል። ኤስባን ባቡሩ ይዘገያል፣ የእናንተ ወሬ አይዘገይም።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ገብቼ አይቻታለሁ፣ ሁለቴም አልተስማማንም። ነገር ማስረዳት ላይ ግን በፍራንክፈርት ሻንጣ ጫኝ ውስጥ የሚደርስብኝ የለም። ቱርኮቹም ፖላንዶቹም መስክረዋል፤ አማርኛ አይሰሙም እንጂ። ስለዚህ ቁጭ በሉና ከሥሩ ልንገራችሁ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከስሜ ነው። ከስሜ ስል ከአያቴ ስም። እኛ አገር ስምህ ያንተ ነው፣ ቀጥሎ አባትህ አለ፣ ከዛ አያትህ፤ ሁሉም በየቦታው ተከብሮ ቁጭ ብሏል። እዚህ ስትመጣ መጨረሻ የቆመውን ይይዙና "ናክናመህ ይሄ ነው" ይሉሃል። የቤተሰብ ስም ማለታቸው ነው። ከዛች ቀን ጀምሮ አንተ የለህም፣ ያለው አያትህ ነው። የኔ አያት በህይወቱ ከበቅሎው ወርዶ እቃ አንስቶ የማያውቅ ሰው፣ እዚህ ገና ሳይነጋ ሻንጣ ይጭናል። "ሄር እንትና፣ ቶሎ በል እንጂ!" ይባላል። አርፍዶ ገባ ተብሎ አያቴ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። የጥርስ ሐኪም ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ አለው። አንዴማ ያለ ቲኬት ባቡር ተሳፍሮ ተይዟል፣ ነፍሱን ይማረውና።

ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ቤቱ ይታወቃል፤ በዚህ ከተማ ያለነው ሁለት ቤት ብቻ ነበርን። ይሄን ያህል ግን ልበል፤ አንዲት ከጎረቤቶቿ የተጣላች እናት በወለደች ማግስት በልጇ ላይ ጭና የላከችባቸው መልእክት ነው። ስም ከምትሉት ዛቻ በሉት። አበሻ ሲሰማው "እውነትህን ነው?" ይላል። ጀርመን ሲያነበው ደግሞ መሀል ላይ ያርፋል፣ ይተነፍሳል፣ ከዛ ይቀጥላል። የሥራ መታወቂያዬ ላይ አልበቃ ብሎ ጭራው ተቆርጧል።

እንዲህ ያለ ስም ይዞ ዝም የሚል ሰው ካለ እሱ ሰው አይደለም። እኔ ዝም አላልኩም። "ይሄን ስም የያዘ የትም ዓለም ላይ ካያችሁ የኛ ነው። ሁላችንም ከአንድ ሰው ነው የወጣነው። ሰውዬው ሲንቀሳቀስ ነጋሪት ይመታለት ነበር" እል ነበር። ይመታለት ነበር ወይ? አልተመታለትም የሚል ሰው እስካሁን አልመጣም።

እና አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ ቤት ሲቀይር የልብስ ማጠቢያ ማሽን ላግዘው ሄድኩ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ማሽኑን ከመኪና አውርደን በሩ ጋ አሳረፍነውና እኔ ቀና አልኩ። የበር ደወሎች። ታውቋቸዋላችሁ፣ እዚህ አገር ደወል ላይ የቤተሰብ ስም ብቻ ነው የሚለጠፈው። አንድ የጀርመን ስም፣ አንድ የፖላንድ፣ ሁለት የቱርክ፣ ከዛ... አያቴ! ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ። ሙሉውን! ጭራው እንኳ አልተቆረጠም።

ማሽኑን ለጓደኛዬ ትቼ ደወልኩ። እሱ እስከዛሬ ይሄን ይቅር አላለኝም።

"ቬር ኢስት ዳ?" አለ የሴት ድምፅ። ማነው ማለት ነው።

"ዘመድ!" አልኩ፣ በአማርኛ።

በሩ ዝዝዝ ብሎ ተከፈተ።

ፎቅ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ጠበቁኝ። ሴትየዋ ማማሰያ ይዘዋል። ባልየው ብዙ ዘመን ፍሉግሃፈን ለአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ቤት ሠርተው አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከዛን ቀን ጀምሮ ጋሼ እላቸዋለሁ።

"የማን ነህ?" አሉ ጋሼ።

"የእርስዎ ነኝ" አልኩና መታወቂያዬን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው።

መነጽር አደረጉ። አነበቡ። "ጭራው የት ሄደ?" አሉ።

"ቦታ አልበቃም ብለው ነው፣ ጋሼ።"

"አይበቃማ!" አሉ ወደ ሚስታቸው ዞረው። "የኛ ስም የት ይበቃል!"

ከዛ ስለ አገር ጠየቁኝ። "እናንተስ ከየት ናችሁ?" ሲሉ "እርስዎስ?" አልኩ፤ ታላቅን ማስቀደም ነው። ነገሩኝ። "እዛው ነን!" አልኩ። "ከወንዙ ማዶ?" አሉ። "ማዶ!" አልኩ። አቀፉኝ። ሰው ሲያቅፍህ ወንዙ የቱ ነው ብለህ አትጠይቅም።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፤ እትዬ፣ ማለቴ ሚስትየው፣ ዘመዶቻቸው በአውሮፓ ሁሉ ፈልተዋል። ክርስትናም ይሁን ሰርግ፣ በእሳቸው በኩል ወንበር አይበቃም፤ በጋሼ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ ኮት ይቀመጥበታል። ጋሼ ኮት ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ስመጣ ኮቶቹ ተነሱ። "የወንድሜ ልጅ ነው" እያሉ የማያዞሩኝ ቦታ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይዘውኝ ይሄዱና ስለ ሟቹ ሳይጠይቁ እኔን ያስተዋውቃሉ።

እኔም አላሳፈርኳቸውም። በላሁ። እትዬ የፍራንክፈርቱን አረንጓዴ ወጥ፣ ያንን ጀርመኖቹ በእንቁላልና በድንች የሚበሉትን፣ ቃሪያ ከትፈው ጨምረውበት በእንጀራ ያቀርቡታል። ጀርመን ቢያይ ፖሊስ ይጠራል። እኔ ሁለቴ አስደግሜ እበላለሁ። "እንደ አጎቱ ነው የሚበላው" ይላሉ እትዬ። "ዘር ነው!" ይላሉ ጋሼ።

አንዲት ሰው ብቻ አላመነችም። ልጃቸው። እዚሁ የተወለደች፣ ሪድበርግ ያለው ዩኒቨርሲቲ የዘር ነገር የምታጠና፣ አባቷ በአማርኛ ሲያወሯት በጀርመንኛ የምትመልስ። "ኩዜን" ትለኝ ነበር፣ የአጎት ልጅ፤ ግን እንዲህ በሁለት ጣቷ አየር ላይ የጥቅስ ምልክት እየቧጨረች። አንድ ቀን እራት ላይ "ሁለታችሁም ምራቅ ስጡኝና ዘመድ መሆናችሁን በሳምንት ልንገራችሁ" አለች።

ጋሼ ሹካቸውን አስቀመጡ። "በስም የተገናኘን ሰዎች በምራቅ አንለያይም" አሉ። ይቺ ጉዳይ በዚሁ ተዘጋች። እኔ አረንጓዴውን ወጥ በላሁ።

በኋላ መንጃ ፈቃድ ፈለግኩ፤ የሻንጣ መኪና ለመንዳት። የጽሑፉን ፈተና ልታስጠናኝ እሷ ተመደበች። በአባቷ ትእዛዝ ነው፣ ይሄን ያዙልኝ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ምልክቶቹን እያሳየች ታስጠናኛለች። የመጀመሪያውን ወደቅኩ። ሁለተኛውን የወደቅኩት ግን ሆን ብዬ ነው። አታምኑም? እሷ አምናለች። ከፈተናው ስንመለስ ኡባን ባቡር ውስጥ "የቁም ምልክት የሚረሳ ሰው የለም" አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ። ቀጥላ "አንተ የአጎቴ ልጅ አይደለህም" አለች።

"በምን አወቅሽ? ምራቄን ሰረቅሽ እንዴ?"

"የአጎቱን ልጅ እንዲህ የሚያይ ሰው የለም" አለችና መስኮቱን ማየት ጀመረች። ባቡሩ መሬት ውስጥ ነበር። መስኮቱ ላይ የሚታየው እኔው ነበርኩ።

በቃ። እኔና እሷ ተስማማን። ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ለጋሼ ነገሩ። ጋሼ ቴሌቪዥኑን አጠፉ አሉ። የሳቸው ቴሌቪዥን ከጠፋ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

"ሰባት ቤት!" አሉ። "ሰባት ቤት ሳይቆጠር ደም ከደም አይጋባም። ይሄ ገና ሦስተኛ ቤት ላይ ነው!"

እሷ ደግሞ፣ ትምህርት ሲበዛ እንዲህ ነው፣ "ባባ፣ እዚህ አገር እኮ ሕጉ የአጎት ልጅ ማግባት ይፈቅዳል" አለቻቸው። ልትረዳን ብላ! ጋሼ ለሦስት ቀን አላናገሯትም።

እንግዲህ አስቡት። ዓመት ሙሉ ዘመድ ነኝ ያልኩ ሰው፣ አሁን ባዕድ መሆኔን ካላስመሰከርኩ ልጅቷ ቀረች። ሰው ሁሉ ዘመድ ለመሆን ይለፋል፣ እኔ ላለመሆን ለፋሁ።

ሽማግሌ ፈለግኩ። የጋሼ የድሮ የሥራ ጓደኛ የሆኑ ኤርትራዊ ሽማግሌ አሉ፤ አቦይ እንላቸዋለን። አስመራ በአማርኛ የተማሩ ናቸው፣ አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። ነገሩን ስነግራቸው ሰሙኝና፣

"ወደይ፣ ልጄ፣ ሰው ሁሉ ፊት ዘመድ ነኝ ብለህ፣ አሁን ዘመድ አይደለሁም በልልኝ ነው የምትለኝ?" አሉ።

"አዎ አቦይ።"

"ማስረጃህ ምንድነው?"

"ቃሌ።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። ግን መጡ፣ ሁለት ሌሎች አስከትለው። ሽማግሌ ሲላክ አግቢው ቤቱ ይቀራል፤ እኔ ግን ክሱም ማስረጃውም እኔው ስለሆንኩ ጋሼ "እሱም ይቅረብ" አሉ። እሁድ ከሰዓት ሳሎኑ ሞላ። ጋሼ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ልጅቷ የወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፋ ቆማለች።

ጋሼ ቆጠሩ። ሰባት ትውልድ፣ ሳይተነፍሱ፣ እንደ ዳዊት። ከዛ ወደኔ ዞሩ፤ "በል ቁጠር።"

"እኔ... አባቴ... አያቴ..." አልኩ።

"አራተኛው?"

"ሰውዬው ነጋሪት የሚመታለት..."

"ስሙን!"

ስሙን አላውቅም። ነጋሪቱን እንጂ ሰውዬውን አላውቀውም።

"ይቅር" አሉ ጋሼ። "እኔ ልጠይቅህ። በፋሲካ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ 'ከአንድ ስም ሁለት ዘር አይወጣም' አላልክም?"

"ብያለሁ።"

"በእትዬህ ዘመዶች ሰርግ ላይ ማይክ ይዘህ 'እኔና አጎቴ አንድ ደም ነን' አላልክም?"

"ማይኩን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"

ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በገዛ አፌ ታስሬ ተቀምጫለሁ። ያን ጊዜ አገር ቤት ያለችው አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ዘር የምታውቅ። ደወልኩና ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት።

"አክስቴ፣ እዚህ ጀርመን የኛን ስም የያዙ ትልቅ ሰው አሉ..."

"ዘመዳችን ናቸው!" አለች።

"አክስቴ፣ መጀመሪያ ስሚኝ..."

"ምን እሰማለሁ! ደሜ ነገረኝ እኮ! ጠዋት ዓይኔ ሲርገበገብ ነበር!"

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጋሼ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። አሸነፉ። ግን እንዳሸነፈ ሰው አልነበሩም፤ ዓይናቸው የልጃቸው እጅ ላይ ነበር።

እኔ አለቀልኝ ብዬ አቀርቅሬያለሁ። ያኔ አቦይ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ወደሳቸው ሳቡት።

"ጤና ይስጥልኝ እመቤቴ" አሉ በዛ በሚያምር አማርኛቸው። "የእኚህ ሰው አያት ማየት የተሳናቸው ነበሩ ይባላል። የናንተውም እንደዛ ነበሩ?"

"ታውረው ነው የሞቱት! በትር ይዤ የምመራቸው እኔ ነበርኩ!"

ጋሼ ተነሱ። "አያቴ አልታወረም..." አቦይ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ጣልያን ቤት ምግብ አብሳይም ነበሩ አሉ።"

"ማኮሮኒ ሲሠሩ እኮ አገር ነበር የሚሰበሰብ!"

"ዋናም ይችላሉ ይባላል።"

"ኧረ እንደ ዓሣ!"

እውር፣ ማኮሮኒ አብሳይ፣ ዋናተኛ። ሁለተኛው ሽማግሌ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አቦይ ግን ፊታቸው ንቅንቅ አላለም።

"እኔ እንኳ የአስመራ ሰው ነኝ፣ እመቤቴ" አሉ። "ስሜም ከናንተ ስም ጋር አይገናኝም።"

"አስመራ!" አለች አክስቴ። "አስመራ የገባ ወገን አለን እኮ! ድምፅዎን ስሰማ ነው ያወቅኩት! በሉ ወንድሞቼ፣ ልጄን አደራ፣ አጎቶቹ ናችሁ!" መስመሩ ተቋረጠ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው። ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ። አቦይ እስኪረግብ ጠበቁና ወደ ጋሼ ዞሩ።

"ወዳጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔና አንተም ዘመድ ነን። ልጅህን ለልጄ ልጠይቅ አስቤ ነበር፣ እንግዲህ ቀረ" አሉ። ከዛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አየህ፣ የዚህ ልጅ ቤተሰብ ሰው ካየ ዘመዴ ነው ይላል። ይሄ ነው ዘራቸው። አንተን ይሄን ሁሉ ዓመት አውቅሃለሁ፣ ያላየኸውን አይቻለሁ ብለህ አታውቅም። ልጅህም አታውቅም። ከአንድ ደም ብትሆኑ ትንሽ እንኳ ይወጣባችሁ ነበር።"

"ከምራቅ የተሻለ ማስረጃ ነው" አለች ልጅቷ ከበሩ፣ በጀርመንኛ።

ጋሼ አልሳቁም። እኔን ብቻ ነበር የሚያዩት። "ነጋሪቱስ?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"ወንዝ ማዶስ?"

"እርስዎ ማዶ ሲሉ ነው ማዶ ያልኩት።"

"ታዲያ ማነህ?"

እኔ ማን ነኝ ለሚል ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ ግማሽ ቀን እመልሳለሁ። ልጅቷን አየኋት። "ማንም አይደለሁም" አልኩ። እናንተ ወሬኞች፣ እስቲ አንዳችሁ ሰው በሞላበት ሳሎን እንዲህ ብላችሁ ታውቃላችሁ?

ጋሼ ተነስተው መኝታ ቤት ገቡ። ቆዩ። ሲመለሱ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ከረቫት አስረዋል።

"ይሄን አገር ካየሁ ጀምሮ የወንድሜ ልጅ ያልኩት ይሄን ብቻ ነበር" አሉ ለሽማግሌዎቹ። "ዛሬ አጣሁት። እሺ። ባዕድ ከሆነ ግን እንደ ባዕድ ነው የሚጠይቀኝ። ውጣ! ደውለህ ግባ።"

ወጣሁ። ሦስት ፎቅ ወረድኩ፤ ሊፍቱ ያኔም አልተሠራም። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ። ደወሉ ላይ አያቴ እንደተለጠፈ ነው። ተጫንኩት።

"ማነው?" አሉ ጋሼ ራሳቸው።

አፌ ለምዷል፣ "ዘመድ" ሊል ነበር። ነከስኩት። "እንግዳ ነኝ፣ ጋሼ። ልጅዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

መንገድ ላይ አንድ ብስክሌት አለፈ። አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ይዛ ገባች፣ በሩን ልትይዝልኝ ብትል እንቢ አልኳት። እንዲህ ከተከፈተ አይቆጠርማ!

ዝዝዝ።

ይሄው ነው። ያንን ሁሉ ያቀናበርኩት እኔ ነኝ፤ አክስቴ ምን እንደምትል ሳላውቅ የምደውል መሰላችሁ? እሺ፣ አትመኑ። ሽታንድስአምት፣ ጋብቻ የሚፈጽሙልን ቢሮ፣ ስንሄድ ሴትየዋ ሁለታችን አንድ ናክናመ እንዳለን አይታ "ወንድምና እህት ናችሁ?" አለች። ልጅቷ "አይደለንም፣ ግን አክስቱን እንዳትጠይቂ" አለቻት። ስም መቀየር አላስፈለገንም። አዲሱ ቤታችን ደወል ላይም ያለው አንድ ስም ነው፣ አያቴ። አሁን ሦስት ቤት ሆነናል ወይስ ሁለት፣ እሱን እናንተ ቁጠሩ።

ወሬው ከየት እንደተነሳ ደግሞ አውቃለሁ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ጋሼ ትከሻዬን ይዘው "ተዋወቁት፣ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ልጄን ያገባው" አሉ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። እኔ አላረምኳቸውም። እሳቸውም እያወቁ ነው ያሉት፤ ጠረጴዛቸው ላይ ተመልሶ ኮት እንዲቀመጥ የሚፈልጉ ይመስላችኋል?

የማታምኑ ሂዱና ጠይቁ። አቦይን ጠይቋቸው፤ አክስቴ በየእሁዱ ትደውልላቸዋለች፣ ወንድሜ እያለች። ሁለቱን ሽማግሌዎች ጠይቁ። ውሻ የያዘችውን ሴትዮ ጠይቋት፣ እልልታውን ሰምታ እሳት ተነሳ ብላ የወጣችውን። ማሽኑን በሩ ጋ ትቼበት የሄድኩትን ጓደኛዬን ጠይቁት፣ እሱ እንኳን ሊያሞግሰኝ ሊያየኝ አይፈልግም። ወይም ራሳችሁ ሄዳችሁ ሦስተኛ ፎቅ በስተግራ ተጫኑ። ጋሼ "ማነው?" ሲሏችሁ ታዲያ ዘመድ ነኝ እንዳትሉ።